በስምንት ዶላር ዕዳ የሄደ ቤት

ነገሩ የሆነው ሚሺጋን ውስጥ፣ ኦክላንድ ካውንቲ ነው። አንድ ባለቤት የሚያከራየው ቤት ውዝፍ ግብር እንዳለበት ሰምቶ ከነወለዱ ከፈለ። ወለዱን ሲያሰላ ግን ስምንት ዶላር ከአርባ አንድ ሳንቲም አጎደለ። ያቺ ጉድለት ወለድና ቅጣት ተጨምሮባት ወደ 285 ዶላር ደረሰች። ካውንቲው በ2014 ቤቱን ወረሰ፤ በዚያው ዓመት በጨረታ በ24,500 ዶላር ሸጠው፤ ከዕዳው የተረፈውን ሃያ አራት ሺህ ዶላርም ለባለቤቱ አልመለሰም። የስቴቱ ሕግ ይህን ይፈቅድለት ነበር። (እዚህ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን የሰማ ኢትዮጵያዊ ቀድሞ የሚጠይቀው «ቤቱ የራሱ አይደለም እንዴ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ታክሲ ነድቶ፣ የመኪና ማቆሚያ ጠብቆ፣ ሆስፒታል ሌሊት እያደረ የሠላሳ ዓመት የባንክ ዕዳ የጨረሰ ሰው ከዚያ በኋላ ቤቱ ላይ ማንም እጁን የሚያነሣበት አይመስለውም። ካውንቲው ግን ከባንኩ በፊት ነበረ፤ ባንኩ ከሄደ በኋላም አለ። ዕዳ በተሰበሰበ ጊዜም በአብዛኛው የካውንቲው ዕዳ ከባንኩ ይቀድማል።

አገር ቤት ርስትና ግብር እንዴት አብረው ይኖሩ እንደነበር ማስታወስ እዚህ ላይ ይጠቅማል። «ግብር» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው፤ ገባሩ ለመንግሥት የሚያገባውም ግብር ነው፣ በንጉሡ አዳራሽ የሚበላው ድግስም ግብር ነው። ያገባ ሁሉ አለመብላቱ የታወቀ ነው። ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1942 የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬቱን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ከፍሎ በአንድ ጋሻ፣ ማለትም በአርባ ሄክታር ገደማ፣ 15፣ 10 እና 5 ብር ጣለበት። በ1944 ደግሞ በአሥራቱ ፈንታ 35፣ 30 እና 10 ብር ተጨመረ። ጎጃም፣ በጌምድርና ትግሬ ከዚህ የጋሻ ሥርዓት ውጭ ሆነው በቀድሞው መንገድ በተወሰነባቸው ግብር ቀጠሉ።

የጎጃም ባለርስት የፈራው ብሩን ብቻ አልነበረም፤ ቀላዱን ነበር። ወደ ደቡብ ቀላድ ተጥሎ መሬት በተለካበት አገር ስንቱ ባላገር በአባቱ መሬት ላይ ጭሰኛ ሆኖ እንደቀረ ሰምቷል። ስለዚህ በ1967 የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅና በ1968 ገማቾቹ ወደየወረዳው ሲወጡ፣ ጎጃም ጠመንጃውን አነሣ። መንግሥት ጦር ላከ፣ በአውሮፕላንም ደበደበ። አልሆነለትም። አገረ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን ከቦታቸው አነሣ፤ ውዝፉንም ግብር ማረ።

ግብሩን የጠላ ባላገር ግን የግብሩን ደረሰኝ በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀምጥ ነበር። በክርክር ጊዜ ዳኛ ፊት የሚቆምለት ምስክር እሱ ነዋ! በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህንን ወግ በአንቀጽ 1168 አጸናው፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ይዞ የባለቤትነቱን ግብር ለ15 ተከታታይ ዓመት የከፈለ ሰው ባለቤት ይሆናል ይላል። የሚገርመው የካሊፎርኒያ ሕግም ተመሳሳይ ነገር አለው። የሌላውን መሬት በግልጥ ይዞ አምስት ዓመት የተቀመጠ ሰው ባለመብት ነኝ ማለት የሚችለው የዚያን ዘመን ግብር ከከፈለ ብቻ ነው። ግብር የከፈለ ባለቤት ይሆናል የሚለው ሐሳብ እንግዲህ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ባዕድ የሚሆንብን የሐሳቡ ግልባጭ ነው፤ ያልከፈለ ባለቤትነቱን ያጣል የሚለው።

በ1975 በጥቂት ወራት ልዩነት የወጡት ሁለት አዋጆች የገጠሩን መሬት፣ የከተማውን ቦታና «ትርፍ ቤት» የተባለውን ሁሉ የመንግሥት አደረጉ። ያን ጊዜ ደረሰኝ ያላደነው ቤት ብዙ ነው። ከዚያ ዘመን ሸሽቶ አሜሪካ የገባ ሰው መንግሥት የማይነካው ቤት አገኘሁ ብሎ ቢደሰት አይፈረድበትም።

የካውንቲው ነገር ከእንግሊዝ የመጣ ነው። በድሮው እንግሊዝ አገሩ «ሻየር» በሚባል አውራጃ ተከፍሎ፣ በየሻየሩ የንጉሡን ገቢ የሚሰበስብ ሹም ነበር፤ ዛሬ «ሸሪፍ» የሚባለው ስም ከዚያ የወጣ ነው፣ የሻየር ሹም ማለት። በኋላ ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች ሻየሩን «ካውንቲ» አሉት። ቨርጂኒያ በ1634 በስምንት ሻየር ተከፈለች። ዛሬ በአሜሪካ ከ3,000 በላይ ካውንቲዎች አሉ። ሁሉም ግን አንድ ዓይነት ሥልጣን የላቸውም፤ በኮነቲከትና በሮድ አይላንድ የካውንቲ መንግሥት የለም፣ ግብሩን የሚሰበስቡት ከተሞቹ ናቸው። ዋሽንግተን ዲሲም ካውንቲ የላትም።

አሠራሩ በጥቂት ቃል ይነገራል። ገማቹ ቤቱ ስንት ያወጣል ብሎ ይገምታል፤ ካውንቲው፣ ከተማውና የትምህርት ቤቱ ቦርድ ከሺህ ዶላር ስንት እንደሚወስዱ ይወስናሉ፤ ገንዘብ ያዡ ይሰበስባል። ከሚሰበሰበው ትልቁን ድርሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚወስደው ትምህርት ቤት ነው። እዚህስ ግብሩን የሚበሉት ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለስደተኛው ቤት ባለቤት ከሁሉ የሚበልጠው የ1930ዎቹ ዘመን ነው። በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ጊዜ ደመወዝ ሲቋረጥ ግብሩ አልተቋረጠም። በ1933 በትልልቆቹ ከተሞች ከተጣለው የንብረት ግብር ሩብ ያህሉ ሳይከፈል ቀረ። በቺካጎ የቤትና የመሬት ባለቤቶች ማኅበር አቋቁመው ግብር አንከፍልም ብለው አደሙ። ፍሎሪዳ በ1934 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ ባለቤቱ ከሚኖርበት ቤት ግምት 5,000 ዶላሩን ከግብር ነፃ አደረገች። ዛሬ በየስቴቱ ለነዋሪ ባለቤት፣ ለአዛውንት ወይም ለአካል ጉዳተኛ የሚደረገው ቅናሽ ከዚህ ዘመን የጀመረ ነው። ብዙው ቅናሽ ግን ካልጠየቁት አይመጣም፤ ለምሳሌ በሜሪላንድ የነዋሪነቱን ቅናሽ የሚሻ ባለቤት አንድ ጊዜ ማመልከቻ ማስገባት አለበት።

በዚያው በ1934 የፌዴራሉ መንግሥት የቤት ብድርን መድን መስጠት ጀመረ። መድኑን የሰጠው ግን በዘፈቀደ አልነበረም። ተበዳሪው በየወሩ ከዋናውና ከወለዱ ጋር የዓመቱን ግብር አንድ አሥራ ሁለተኛ ለአበዳሪው እንዲያስቀምጥ፣ አበዳሪውም ቀኑ ሲደርስ ለካውንቲው እንዲከፍል አስገደደ። ባንኩ በግብር ዕዳ ምክንያት መያዣው ከእጁ እንዳይወጣ የተበጀ ዘዴ ነበር። «ኢስክሮ» የሚሉት ይህ ነው። ዘዴው ለሁሉም ተመቸና ተስፋፋ። ተበዳሪው ግብሩን ረሳው፤ የባንክ ክፍያው አካል መሰለው። ሠላሳ ዓመት ሲሞላ ባንኩ የምስራች ደብዳቤ ልኮ ከመንገዱ ይወጣል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ካውንቲውና ባለቤቱ ብቻቸውን ይፋጠጣሉ።

በአርካንሳስ ዋና ከተማ በሊትል ሮክ የሆነው ይኸው ነው። ባለቤቱ ቤቱን የገዙት በ1967 ነበር። ሠላሳ ዓመት በየወሩ ለባንክ ሲከፍሉ ባንኩ ግብሩን ይከፍልላቸው ነበር። በ1993 ከባለቤታቸው ተለያይተው ሌላ ቤት ገቡ፣ ክፍያቸውን ግን አላቋረጡም። በ1997 ዕዳው አለቀ፤ ግብሩም ከዚያ ጀምሮ ሳይከፈል ቀረ። የስቴቱ የመሬት ኮሚሽነር ቤቱ ሊሸጥ ነው ብሎ በአደራ ደብዳቤ አስታወቀ። ደብዳቤው ቤቱ ሄደ፣ በር የከፈተ የለም፣ ከፖስታ ቤትም የወሰደው የለም፣ ተመለሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ የተላከው ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። 80,000 ዶላር የሚያወጣው ቤት በ21,042 ዶላር ተሸጠ። ባለቤቱ ወሬውን የሰሙት ገዢዋ ያስላከችው የልቀቁልኝ ወረቀት ለሴት ልጃቸው በደረሰ ጊዜ ነው።

ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2006 አምስት ዳኞች በሦስት ላይ ለባለቤቱ ፈረዱ። ደብዳቤ ተመልሶ እንደመጣለት እያወቀ፣ ሌላ ማድረግ የሚችለው ነገር እያለ፣ ዝም ብሎ የሰው ቤት የሚሸጥ መንግሥት አላስታወቀም ተባለ። በበሩ ላይ ማስታወቂያ ቢለጥፍ ወይም በተራ ፖስታ ቢልክ ምን ነበረበት? ሆኖም ፍርዱ መንግሥት ደክሞ ባለቤቱን ፈልጎ ያግኝ አላለም። አድራሻ ቀይሮ ለካውንቲው ያላሳወቀ፣ አገር ቤት ስድስት ወር ከርሞ የሚመለስ፣ በሟች አባቱ ስም በቀረ ቤት የሚኖር ሰው የዚህን ፍርድ ወሰን ልብ ሊለው ይገባል።

ግብሩ ከበዛ ደግሞ የሚነሣው ዐመፅ በአሜሪካ በድምፅ ነው። በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ የቤት ዋጋ ሲንር ግብሩም አብሮ ናረ፤ ጡረተኞች በግብር ምክንያት ቤታቸውን ይሸጡ ጀመር። ሀዋርድ ጃርቪስና ፖል ጋን የመሩት «ፕሮፖዚሽን 13» በጁን 1978 ከመቶ ስልሳ አምስት በሚጠጋ ድምፅ አለፈ። ዋናው ግብር ከግምቱ አንድ በመቶ እንዳይበልጥ፣ ግምቱም ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ በዓመት ከሁለት በመቶ በላይ እንዳያድግ ወሰነ። ለነባሩ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ዘግይቶ የመጣው ነው። በ1988 በሎስ አንጀለስ በ170,000 ዶላር ቤት የገዙ ወይዘሮ ከአንዳንድ ጎረቤቶቻቸው አምስት እጥፍ የሚጠጋ ግብር መጣባቸውና ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1992 ስምንት ለአንድ ፈረደባቸው። ከጎረቤቱ ጋር የግብር ወረቀት አስተያይቶ የተደናገጠ የሎስ አንጀለስ ኢትዮጵያዊ ካለ ምክንያቱ ቆዳው ወይም ስሙ ሳይሆን የገዛበት ዓመት ሊሆን ይችላል።

ወደ ስምንት ዶላሩ ቤት እንመለስ። የሚሺጋን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2020 ካውንቲው ትርፉን ማስቀረቱ የስቴቱን ሕገ መንግሥት ይጥሳል ሲል ወሰነ። ትልቁ ፍርድ ግን የመጣው ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩበት ከሚኒያፖሊስ፣ ከሄነፒን ካውንቲ ነው። ወይዘሮ ጀራልዲን ታይለር በ1999 ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ገዝተው ከአሥር ዓመት በላይ ኖሩበት። በ2010 ወደ አረጋውያን መኖሪያ ተዛወሩ። ግብሩን የሚከፍል ሰው ጠፋ። በ2015 ውዝፉ 2,300 ዶላር ገደማ፣ ወለድና ቅጣቱ ደግሞ 13,000 ዶላር ሆነ፤ ልጁ ከእናቱ ስድስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ካውንቲው ቤቱን ወስዶ በ40,000 ዶላር ሸጠ፤ የተረፈውንም 25,000 ዶላር አስቀረ።

ሜይ 25 ቀን 2023 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ለወይዘሮዋ ፈረዱ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 94 ዓመት ነበር። ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ ነገሩን ከሥሩ አነሡት። የ1215ቱ ማግና ካርታ የንጉሡ ሹም የሟችን ንብረት ሲይዝ ዕዳውን ያህል ብቻ ወስዶ ቀሪውን ለወራሽ እንዲተው ያዝዝ ነበር። በ1692 የእንግሊዝ ፓርላማ ስለ ግብር ያወጣው ሕግም ትርፉ ለባለቤቱ እንዲመለስ ይደነግግ ነበር። በራሷ በአሜሪካም ፍርዱ በተሰጠ ጊዜ 36 ስቴቶችና የፌዴራሉ መንግሥት ይህንኑ ያዝዙ ነበር። ዋና ዳኛው የወንጌሉን ቃል አስታውሰው፣ ግብር ከፋዩ የቄሣርን ለቄሣር ይስጥ፣ ከዚያ በላይ ግን አይጠየቅም የሚል ሐሳብ አሰፈሩ። ሚኒሶታም በ2024 ሕጓን አሻሻለች።

«ትርፍ ቤት» ተብሎ አዲስ አበባ ላይ ለተወረሰ ሰው «ትርፉ የባለቤቱ ነው» የሚል ፍርድ መስማት ቀላል ነገር አይደለም። ፍርዱ ግን የሚለውንና የማይለውን መለየት ያሻል። ካውንቲው ለዕዳው ሲል ቤቱን መሸጡ ስሕተት ነው የሚል ቃል የለበትም፤ ወለዱና ቅጣቱ 13,000 ዶላር መድረሱንም አልሻረም። ክርክሩ ከመጀመሪያውም ስለ 25,000 ዶላሩ ነበር። ኮንዶሚኒየሙ ሌላ ሰው ገዝቶታል።