ከእርግቦቹ ይልቅ ሂሊየሙ
ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ ፔንዚያስና ዊልሰን ከአንቴናቸው እርግብ ያባረሩበትን ታሪክ ታስታውሳላችሁ። ስንስቅ ዋናውን ነገር ዘለልኩት መሰለኝ።

በዚያው የኒው ጀርሲ አንቴና ኤድዋርድ ኦም የሚባል መሐንዲስ ቀድሟቸው ለክቶ ነበር። በ1961 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ውጤት ከሚጠበቀው 3 ኬልቪን ገደማ ይበልጣል። ግን የልኬቱ ስህተትም ያንኑ ያህል ሊሆን ስለሚችል ትርፉ እዚያው ውስጥ ተዋጠ።

ፔንዚያስ ምን አደረገ? በፈሳሽ ሂሊየም የቀዘቀዘ፣ ሙቀቱ በትክክል የሚታወቅ ማነጻጸሪያ ሠራ። መሣሪያው አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ ማነጻጸሪያውን እያየ ልዩነቱን ይለካል። አሁን ትርፉ የሚደበቅበት አጣ፤ 3.5 ኬልቪን! እርግቦቹ ተባረሩ፣ ኩሳቸው ተጠረገ፣ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም። የቢግ ባንግ ቅሪት ነበራ።

በ1978 ሁለቱ ኖቤል ተሸለሙ። ኦምን ግን አንድም ቀን ፈተና ላይ ጠይቄያችሁ አላውቅም።