በሕግ አምላክ ያለው ዳኛ

እስቲ ጠጋ በሉና የአንድ ዳኛ ታሪክ ላውጋችሁ። አገሩ ሩሲያ ነው፤ ዘመኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እነግራችኋለሁ። ዳኛው ቫለሪ ዞርኪን ይባላል። ስሙን ያዙልኝ፤ ወሬያችን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲጓዝ እሱም አብሮን ይጓዛል።

ጊዜው የ1991 መጸው ነው። መዶሻና ማጭድ ያለበት ቀይ ባንዲራ ከክሬምሊን ሊወርድ ሁለት ወር ገደማ ቀርቶታል። በዚያ ትርምስ መሃል ሩሲያ ከዚያ በፊት ኖሯት የማያውቅ ነገር አቋቋመች፦ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት። የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ ከ15ቱ መንበሮች 13ቱን ሞላ፤ በሁለቱ መስማማት አቅቶት ክፍት ተዋቸው። ዳኞቹም ተሰብስበው የ48 ዓመቱን የሕግ መምህር ዞርኪንን ሰብሳቢያችን ሁን አሉት።

ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ እንላለን እኛ። ሩሲያዊም ቢሰማው ራሱን ነቅንቆ ያልፍ ነበር። ድሮ ዛር ነበረ፤ ከዛር በኋላ ፓርቲ ነበረ፤ ሁለቱንም ችሎት ፊት አቁሞ የጠየቀ አልነበረም። እነዚህ 13 ሰዎች ግን ገና ወንበራቸው ሳይሞቅ ፕሬዚዳንቱን ያዙት። ቦሪስ የልሲን የኬጂቢን ወራሾችና ፖሊስን አንድ ሚኒስቴር ውስጥ ጠቅልሎ በድንጋጌ አዋሕዷቸው ነበር። ፍርድ ቤቱ በጃንዋሪ 1992 “ይህ ያንተ ሥልጣን አይደለም” ሲል ድንጋጌውን ሻረው። የልሲንም ዋጠው። ልብ በሉ፣ በዚያ አገር፣ በዚያ ዘመን፣ ታንክም ቴሌቪዥንም በእጁ ያለ ሰው የዳኛ ወረቀት አንብቦ ወደ ኋላ ተመለሰ!

ቀጥሎ ትልቁ መዝገብ መጣ። የልሲን የኮሚኒስት ፓርቲን በድንጋጌ አግዷል፤ ኮሚኒስቶቹ “ሕገ ወጥ ነው” ብለው ከሰሱ፤ የእሱ ወገኖች ደግሞ “ፓርቲው ራሱ መቼ ሕጋዊ ነበረና” ብለው በተራቸው አመለከቱ። ከሜይ እስከ ኖቬምበር 1992 ክርክሩ ተሰማ። ጎርባቾቭ ለምስክርነት ቢጠራ “አልመጣም” አለ። የችሎት ትእዛዝ በመናቁ 100 ሩብል ተቀጣ። ዋጋ በአንድ ዓመት 25 እጥፍ ገደማ በናረበት በዚያ ዘመን 100 ሩብል ምን ገንዘብ ነበረ? ቢሆንም የቀድሞው የኃያል መንግሥት መሪ ከችሎት በመቅረቱ ቅጣት ሲፈረድበት መስማት ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ነበር።

ፍርዱ ብልሃት ያለበት ነበር። የፓርቲው የላይኛው አካል ፓርቲ ሳይሆን መንግሥት ሆኖ ስለኖረ መታገዱ ተገቢ ነው ተባለ። ታች በየሰፈሩ ያሉት መሠረታዊ ድርጅቶች ግን የዜጎች ማኅበር ናቸውና አይታገዱም። ጭንቅላቱ ሕገ ወጥ፣ እግሩ ሕጋዊ። እግሩም ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ በፌብሩዋሪ 1993 ፓርቲው በዚዩጋኖቭ መሪነት እንደገና ቆመ፤ በሦስተኛው ዓመት ደግሞ የልሲንን በምርጫ ሁለተኛ ዙር ድረስ አስጨነቀው።

እስከዚህ ድረስ ዞርኪን ዳኛ ነበር። ከዚህ በኋላ ሽማግሌ ልሁን አለ፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። የልሲንና የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ሩስላን ካዝቡላቶቭ በዲሴምበር 1992 ሊበላሉ ሲደርሱ መሃል ገብቶ አስታረቃቸው። የገበያውን ተሐድሶ የመራው ጋይዳር ወርዶ ቼርኖሚርዲን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ አገሩም ለጊዜው ተነፈሰ። ዕርቁ ግን ክረምቱን ተሻግሮ አልቆየም። ያስታረቃቸውን ሰዎች ነገ ተነሥቶ በችሎት ሊዳኛቸው እንዴት ይሆናል? ይህን ያሰበው አይመስለኝም።

የሚዳኙበት ሕግስ ምን ዓይነት ነበር? በ1978፣ በብሬዥኔቭ ዘመን የተጻፈ፣ በኋላ ከ300 በላይ ማሻሻያ የተጣፈበት ሕገ መንግሥት ነው። በአንድ በኩል ሥልጣን በሦስት ተከፍሏል ይላል፤ በሌላ በኩል ጉባኤው የፈለገውን ጉዳይ አንሥቶ መወሰን ይችላል ይላል። ሁለቱም ወገን ይህንኑ መጽሐፍ እየገለጠ “ሕጉ ከእኔ ጋር ነው” ይል ነበር፤ ሁለቱም አልዋሹም።

ማርች 20 ቀን 1993 ማታ የልሲን በቴሌቪዥን ቀርቦ “ልዩ አስተዳደር” አወጅሁ አለ። ዞርኪን ነገ እስኪነጋ አልጠበቀም። በዚያው ሌሊት ከምክትል ፕሬዚዳንቱ ከአሌክሳንደር ሩትስኮይና ከጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ጋር ካሜራ ፊት ቆሞ “ይህ ሕገ መንግሥት መጣስ ነው” አለ። ፍርድ ቤቱም በሦስተኛው ቀን እንደዚያው ፈረደ፤ የተፈረመውን ድንጋጌ ግን ገና አላየውም ነበር! ወረቀቱ ሲታተም “ልዩ አስተዳደር” የሚለው ነገር የለበትም። ጠላቶቹ ሳቁበት። ጉባኤው ፕሬዚዳንቱን ለማውረድ ድምፅ ሰጠ፤ 689 ያስፈልግ ነበር፣ የተገኘው 617 ነው። በኤፕሪል የተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ደግሞ የልሲንን ደገፈ።

ከዚያ ሴፕቴምበር 21 መጣ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የልሲን እንደገና በቴሌቪዥን ወጣ፤ ይህን ጊዜ ወረቀቱ ተፈርሟል፣ ቁጥሩም 1400 ነው። ምክር ቤቱ ፈርሷል፣ አዲስ ምርጫ ይደረጋል አለ። ለሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱም ምክር ነበረው፤ አዲሱ ምክር ቤት ሥራ እስኪጀምር አትሰየም። ዳኞቹ በዚያው ሌሊት ተሰየሙ። ዘጠኝ ለአራት ሆነው ድንጋጌው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል፣ ፕሬዚዳንቱንም ከሥልጣን ለማውረድ ምክንያት ይሆናል ብለው ወሰኑ። ከአራቱ ተቃዋሚዎች አንዱ አናቶሊ ኮኖኖቭ ይባላል፤ የእሱንም ስም አደራ፣ በኋላ ያስፈልገናል።

እናም ዞርኪን በሕግ አምላክ አለ። የሚቆምለት ግን አልተገኘም። ምክር ቤቱ ሩትስኮይን ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት ብሎ አስማለ፤ የልሲን የምክር ቤቱን ሕንጻ መብራትና ውሃ ቆርጦ አጠረው። ኦክቶበር 3 የምክር ቤቱ ደጋፊዎች አጥሩን ጥሰው የከንቲባውን ጽሕፈት ቤት ያዙ፤ የኦስታንኪኖን ቴሌቪዥን ጣቢያ ሊይዙም ዘመቱ፤ እዚያ ደም ፈሰሰ። በማግስቱ ጠዋት ታንኮች ነጩን የምክር ቤት ሕንጻ በመድፍ መቱት፤ የላይኛው ፎቅ በእሳት ጠቆረ። በይፋ በተነገረው መሠረት እንኳ ወደ 150 የሚጠጋ ሰው ሞተ። ኦክቶበር 6 ዞርኪን ሰብሳቢነቱን ለቀቀ። በማግስቱ የልሲን ፍርድ ቤቱን አገደው።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በእነዚያ ቀናት የሩሲያ ለዘብተኞች አብዛኞቹ ከየልሲን ጎን ነበሩ፤ ዋሽንግተንም ከእሱ ጋር ነበረች። ከታንኩ በኋላ፣ በዲሴምበር፣ ድምፅ ከሰጡት 58 በመቶ ያህሉ ያጸደቁት አዲሱ ሕገ መንግሥት ለአንድ የልሲን ተብሎ ለፕሬዚዳንቱ የተሰፋ ነው። ነገ ማን ይለብሰዋል ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነበር።

ፍርድ ቤቱ በ1995 ተመለሰ። ዳኞቹ 19 ሆነዋል፤ ማንም ሳይከስስ በራሱ ተነሣሽነት ጉዳይ የማንሣት ሥልጣኑ ግን ተወስዷል። ዞርኪን ከሰብሳቢነት ወርዶ ተራ ዳኛ ነው። በዚያው ዓመት አብዛኞቹ ዳኞች የልሲን ወደ ቼችኒያ ጦር ማዝመቱን በአመዛኙ ሲያጸድቁ፣ እሱ የልዩነት ሐሳብ ጻፈ። ያኔም አልተኛም ነበር ማለት ነው።

በ2003 ባልደረቦቹ እንደገና ሰብሳቢ አደረጉት። ቭላድሚር ፑቲን ክሬምሊን ከገባ ሦስተኛ ዓመቱ አልፏል። ያንን የ1993ቱን ሰው የጠበቀ ግን አላገኘውም። በ2005 የክልል ገዢዎች በሕዝብ መመረጣቸው ቀርቶ ፕሬዚዳንቱ ሲያቀርባቸው፣ ፍርድ ቤቱ ዘመኑ ተለውጧል ብሎ አጸደቀ፤ ይኸው ፍርድ ቤት በ1996 ገዢ በሕዝብ ነው የሚመረጠው ብሎ ነበር። አደራ ያልኳችሁ ኮኖኖቭ ተቃወመ። በየልሲን ጊዜ በዞርኪን ላይ የተቃወመው ሰው አሁንም በዞርኪን ላይ ይቃወማል። በ2009 የዳኞችን ነጻነት ማጣት ለጋዜጣ ተናገረና በዓመቱ መጨረሻ መንበሩን ለቅቆ ወጣ። በዚያው ዓመት ሰብሳቢውን ዳኞቹ መምረጣቸው ቀርቶ ፕሬዚዳንቱ የሚያቀርበው ሆነ። ችሎቱም ከሞስኮ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ከተዛወረ ዓመት አልፎት ነበር።

ዞርኪን ፈራ ይሉታል አንዳንዶች። እኔ እንዲህ ይመስለኛል፦ በ1992 የሚፈራው ገዢውን ነበር፤ ታንኩን ካየ በኋላ የሚፈራው ገዢ ማጣትን ሆነ። በ2014 በመንግሥት ጋዜጣ ላይ የሩሲያ ጭሰኝነት ከነግፉ የሕዝቡን ውስጣዊ አንድነት አስሮ የያዘ ማሰሪያ ነበር ብሎ የጻፈው ሰው፣ ስለ ድሮ ገበሬዎች ብቻ የሚያወራ አይመስልም።

ፍጥነቱ ግን አልተለየውም። በ1993 ሳያይ ፈረደ ተብሎ ተሳቀበት። ማርች 18 ቀን 2014 ክሪሚያን የመጠቅለሉ ውል ተፈረመ፤ በማግስቱ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ አጸደቀው። ማርች 14 ቀን 2020 ፑቲን የቀድሞ የሥልጣን ዘመኖቹን ቆጠራ ዜሮ የሚያደርገውን ማሻሻያ ፈረመ፤ በሁለተኛው ቀን ፍርድ ቤቱ ይሁን አለ። ማሻሻያው የዳኞቹን ቁጥር ከ19 ወደ 11 አወረደው። በዚያው ዓመት የወጣ ሕግ ደግሞ የልዩነት ሐሳብ መዝገብ ውስጥ ይቀመጥ እንጂ አይታተም አለ። ሴፕቴምበር 30 ቀን 2022 አራት የዩክሬን ክልሎች የሚጠቀለሉበት ውል ተፈረመ፤ ኦክቶበር 2፣ በዕለተ እሑድ፣ ጸደቀ። በእነዚህ ጊዜያት የሚቸኩልለት ወገን ሌላ ነበር፤ የሳቀ ግን አልነበረም፣ ቢያንስ ጮክ ብሎ።

በሜይ 2023 ዞርኪን ፑቲን ዘንድ ገባና በሉዊ 14ኛ ዘመን ፈረንጆች የሠሩትን የካርታ ቅጂ ዘረጋለት። “በዚህ ካርታ ላይ ዩክሬን የለችም” አለው። ፑቲንም ተስማማ። ቪዲዮው ሲወጣ ሰዎች ካርታውን ቀረብ ብለው አዩት፤ “ዩክሬን፣ የኮሳኮች ምድር” የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ወራት አልፈው፣ በ2024 መጀመሪያ፣ የላይኛው ምክር ቤት ሰብሳቢነቱን አደሰለት። ለተራ ዳኞች የዕድሜ ገደቡ 70 ነበር፤ ሰብሳቢውን ግን አይመለከትም ነበር፤ ዞርኪን ደግሞ 81 ሊሞላው ሳምንታት ቀርተውት ነበር።