የሴት ርስትና የወንድ ሞፈር

ስለ ኢትዮጵያ ሴቶች ታሪክ ሲጻፍ እቴጌ ምንትዋብን ወይም እቴጌ ጣይቱን አንሥቶ መጀመር የተለመደ ነው። ነገር ግን በቤተ መንግሥት በሬ ስለማይጠመድ፣ የባላገሪቱ ኑሮ ከዚያ ተነሥቶ ሊመረመር አይችልም። የእርሷ ነገር የሚገኘው በርስቱና በእርሻው መካከል ነው።

በጎጃምና በበጌምድር ርስት በአባትም በእናትም ወገን ይወርድ ነበር። ሴት ልጅ እንደ ወንድሟ ሁሉ የአቅኚ አባቷን መሬት የመጠየቅ መብት ነበራት፤ በሰማንያ ያገባችም እንደ ሆነ፣ ጋብቻው ቢፈርስ በአንድነት ካፈሩት ሀብት ድርሻዋን ይዛ ትወጣ ነበር። የእንግሊዝ ሕግ ላገባች ሴት ንብረቷን በስሟ እንድትይዝ በሙሉ የፈቀደላት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1882 ዓ.ም. መሆኑን ያስታወሰ ሰው፣ ይህን ልማድ በቀላል አያየውም።

እንግዲህ ይህን የመሰለ መብት የነበራት ሴት በወንድ ሥልጣን ሥር የዋለችው ስለ ምንድን ነው? አንዱ ምክንያት፣ ስታገባ ወደ ባሏ አገር ስለምትሄድ ርስቷ በወንድሞቿ እጅ መቅረቱ ነው፤ ብዙ ጊዜም የእናታቸውን ድርሻ ለመጠየቅ የሚነሡት ልጆቿ ነበሩ። ይህ ግን በገዛ መሬቷ ላይ የተቀመጠችውን ሴት ነገር አይገልጽም። የእርሷን ነገር የሚገልጸው ሞፈሩ ነው።

ሴት ታርማለች፣ በአጨዳም ታግዛለች፤ በሬ ጠምዳ ግን አታርስም። ምክንያቱ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ የጉልበት ማነስ ነው። ይህ መልስ ግን በዚያው በእርሻው ላይ ይፈርሳል። የደጋው ገበሬ ሞፈሩንና ቀንበሩን በትከሻው ተሸክሞ ማለዳ ከቤቱ ወደ ማሳው ይወርዳል፤ ገና ጢም ያላበቀለ ልጁም ዕርፍ ጨብጦ እርሻ ይለማመዳል። ጉልበት የላትም የተባለችው ሴት ግን በእንስራ የሞላ ውሃ በጀርባዋ አዝላ ዳገት ትወጣለች፤ መጅ ይዛም ሌሊቱን ስትፈጭ ታነጋለች።

ዴንማርካዊቷ የኤኮኖሚ ሊቅ ኤስተር ቦስሩፕ፣ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በዶማ በሚታረስ አገር ሴቶች ገበሬዎች ሲሆኑ፣ በበሬ በሚታረስ አገር ግን እርሻው ወደ ወንዶች መተላለፉን አመልክተዋል። አሳቡ ብዙ ይረዳል፤ ሆኖም ሙሉ አይደለም። የጉራጌ አገር የእንሰት መሬት የሚለማው ያለ በሬ፣ በእጅ ቁፋሮ ነው፤ ይሁን እንጂ ቁፋሮው የወንድ፣ ፍቀቱና የቆጮው ዝግጅት የሴት ሥራ ሆኖ ተለይቷል። ስለዚህ መሣሪያው ብቻውን ሥራን ለወንድና ለሴት አያከፋፍልም።

የክልከላው ዋጋ በመኸር ጊዜ ይታያል። የጤፍ ማሳ ተደጋግሞ መታረስ አለበት፤ ዘሩም ዝናቡን ጠብቆ በወቅቱ ሊዘራ ይገባል። ባሏ የሞተባት ወይም የፈታችው ሴት መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች፤ እርሱም አስቀድሞ የራሱን ያርሳል፣ የእርሷ ተራ የሚደርሰው ወቅቱ ካለፈ በኋላ ነው። ከተገኘው እህል ደግሞ እኩሌታው የእርሱ ነው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው ተረት የሴትን አእምሮ ለመናቅ እንደ ተነገረ ይታሰባል። ከማሳው ዳር ለሚሰማው ግን፣ ተረቱ ማወቋን አልካደም፤ የነሣት መጨረሱን ነው።

ሕጉም ይህንኑ ተከተለ። ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በ635ኛው አንቀጽ ባልን የቤተ ሰብ አለቃ አደረገው፤ ሚስትም በሕግ የተፈቀደውን ትእዛዙን እንድትፈጽም አስገደዳት። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ በአንጻሩ ለማረስ ለፈቀደ ሁሉ ያለ ጾታ ልዩነት መሬት እንዲሰጥ አዘዘ። ነገር ግን ያው ዐዋጅ በቅጥር ሠራተኛ ማሳረስን ሲከለክል፣ ሌላ በቂ መተዳደሪያ የሌላትን ሴት ከክልከላው ነጻ አወጣት። ደጋጎቹ አርቃቂዎች ሴት አታርስም የሚለውን ልማድ እንደ ተፈጥሮ ሕግ መቀበላቸውን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ የለም። የገበሬ ማኅበራትም መሬቱን በብዛት በአባወራው ስም መዘገቡት፤ ስለዚህ የተፈታችው ሚስት ብዙ ጊዜ ያለ መሬት ትቀር ነበር።

የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. የባልን አለቅነት ሻረ። በአማራ ክልልም ከጥቂት ዓመታት በኋላ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ በአንድነት የሚገኝበት የይዞታ ደብተር ይሰጥ ጀመር። ስትፋታም ሆነ ስትከራከር ይህ ደብተር ለሴት ታላቅ ማስረጃ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ግን ደብተሯን በሣጥን አኑራ፣ ክረምት ሲቃረብ ዛሬም በሬ ያለውን ሰው ደጅ ትጠናለች፤ ድርሻውም በብዙ ስፍራ ያው እኩሌታው ነው።