ሳይገደዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስለ መሄድ

ልጆቼ ሆይ፤ ማንበብና መጻፍ የምታውቁ ወጣቶች ደጋግማችሁ የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ። «እግዚአብሔር በሁሉ ስፍራ ካለ፥ መጽሐፍ ቅዱስም በቤቴ ካለ፥ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ምን ይጠቅመኛል?» ትላላችሁ። ይህን የጠየቀውን ወጣት መቆጣት አይገባም። እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርሁ ነኝና፥ ቃሉን ለራስ ማንበብ እንዴት ያለ ጸጋ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ዳሩ ግን ለዚህ ጥያቄ ከስብከት ይልቅ የአገራችን ታሪክ፥ በተለይም የምንኖርበት የወሎ ታሪክ፥ የተሻለ መልስ ይሰጣል።

የኢትዮጵያ ክርስትና የተጀመረው ከመሰብሰብ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት ፍሬምናጦስ፥ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው፥ በአክሱም ቤተ መንግሥት ሳለ ያደረገውን ሩፊኖስ የተባለ የታሪክ ጸሐፊ ጽፎልናል። ፍሬምናጦስ ለንግድ የሚመጡትን የሮም ክርስቲያኖች እየፈለገ፥ በየስፍራው አንድ ላይ የሚጸልዩበት ቤት እንዲያዘጋጁ መከራቸው፤ ራሱም ረዳቸው። ወደ እስክንድርያ ሄዶ ከአትናቴዎስ እጅ ጵጵስናን የተቀበለው ከዚህ በኋላ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ለአገራችን ጳጳስ ሳይሾም በፊት ጉባኤ ነበረ። ነጋዴዎቹ እያንዳንዳቸው በማደሪያቸው መጸለይ ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን ብቻውን የሚጸልይ ሰው እምነት ከእርሱ ጋር ይቀበራል፤ በአንድነት የሚጸልዩት ግን ለልጅ ልጅ ያወርሳሉ።

ወደ አገራችን ቀረብ እንበል። ከመርሳ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ የሚሄድ ሰው የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም በስተ መንገዱ ያገኛል። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1240 ዓ.ም. ገደማ በዚያ ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ከደቀ መዛሙርታቸውም አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። በዚያ ዘመን መጽሐፍ በብራና፥ በብዙ ድካምና ወጪ የሚጻፍ ነበረ። ገበሬው ወንጌልን ለመስማት ከፈለገ መጽሐፉ ካለበት፥ የሚያነብለትም ካህን ካለበት መምጣት ነበረበት። ዛሬ አንተ በቤትህ ተቀምጠህ የምታነበው መጽሐፍ እስካንተ የደረሰው እነዚያ ሰዎች በአንድ ቦታ ተሰብስበው ስለ ጻፉት፥ ስላነበቡትና ስለ ጠበቁት ነው።

ሆኖም መሰብሰብ ሁልጊዜ በፈቃድ አልሆነም፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሊቅ ነበሩ። በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም እንዲከበሩ ወስነው የቆየውን ክርክር ዘጉ፤ ሕዝቡም በሰንበትና በበዓል ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዲመጣ፥ ካህናቱም እንዲያስተምሩት አዘዙ። አሳቡ መልካም ነበረ። ነገር ግን ትእዛዙን ቅጣት ተከተለው። ዜና መዋዕላቸው እንደሚለው፥ ሰው ሁሉ የሥላሴን ስም በግንባሩ እንዲጽፍ ተገደደ፤ በጣዖት አምልኮ የተከሰሱ የገዛ ልጆቻቸው እንኳ ከቅጣት አልዳኑም፤ ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳትም ብዙ መከራ ተቀበሉ። በግንባር የተጻፈው ዛሬ የለም፤ የሰንበት ቅዳሴ ግን አለ። ቅጣት ያመጣው ሲጠፋ፥ ፍቅር የጠበቀው ቀረ።

በወሎ የሆነውም እንዲሁ ነው። በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አደረጉ፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ተገኝተው ነበር። በክርስቲያን ሊቃውንት መካከል የነበረው ክርክር ከተቋጨ በኋላ የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ እኒህ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት ናቸው። አያሌ ሰው ግን አገሩን ጥሎ ተሰደደ፤ እንደ ሼህ ጦልሃ ያሉትም ትእዛዙን ተቃወሙ። ከቀሩትም ብዙዎቹ በቀን ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው በሌሊት በእስልምናቸው ይሰግዱ ነበር። በትእዛዝ የመጣ እግር ልብን ይዞ አይመጣም። ይህ ለእስላም ጎረቤቶቻችን ግፍ፥ ለቤተ ክርስቲያንም ትርፍ የሌለው ነገር ነበረ። ዛሬ በግራናም ሆነ በመላው ሀብሩ ደወልና አዛን በአንድ ሰማይ ሥር ሲሰሙ፥ እያንዳንዱ ወደ ጠራው በፈቃዱ ቢሄድ የሁላችንም ክብር ነው።

ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ቀድሞ «ሂድ» ይል የነበረው መንግሥት «ለምን ሄድህ?» ማለት ጀመረ። በብዙ ስፍራ የቀበሌ ስብሰባ እሑድ ጠዋት ይጠራ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ወጣት መምህር ነበርሁ፤ እናቶች ነጠላቸውን ተከናንበው፥ ስብሰባው ሳይጀመር አስቀድመው ለመድረስ፥ ገና ጎህ ሳይቀድ ሲወጡ አይቻለሁ። በ1971 ዓ.ም. ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በአንድ ክረምት ተገደሉ። በ1974 ዓ.ም. መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች፤ ንብረቷም ተወረሰ። ያን ጊዜ አባሎቿ 5,000 ያህል ነበሩ። እነርሱም ጥቂት ጥቂት እየሆኑ በየቤቱ በስውር ተሰበሰቡ። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወድቆ ደጆቿ ሲከፈቱ ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ። ሕንፃው ቢወሰድ ጉባኤው ካልተበተነ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ሕንፃው ቆሞ ሰው ከቀረ ግን የቀረው ድንጋይና ቆርቆሮ ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ዛሬ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የሃይማኖትን ነጻነት ያውጃል። ቤተ ክርስቲያን ባትሄድ የሚቀጣህ ንጉሥ የለም። ስለዚህ የመሄድ ነገር በአንተ ፈቃድ ላይ ወደቀ። አባቶቻችን ለመሄድ ወይም ላለመሄድ ዋጋ የከፈሉበትን ነጻነት አንተ በእንቅልፍ ብታሳልፈው፥ ማን ነጠቀኝ ትላለህ?

«ብቻዬን አነባለሁ» የሚል ሰው በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 8 የተጻፈውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ያስብ። ያ ሰው የተማረ ነበረ፤ መጽሐፉም በእጁ ነበረ፤ በሠረገላው ተቀምጦም ያነብ ነበር። ነገር ግን የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት አስተውላለሁ ብሎ ፊልጶስን ከአጠገቡ አስቀመጠው። ማንበብ መቻሉ ሌላ ሰው እንደሚያስፈልገው እንዲያውቅ አደረገው እንጂ ብቻውን እንዲቀር አላደረገውም። ጌታችንም በጓዳህ ጸልይ ያለው እርሱ ራሱ፥ እንደ ልማዱ በሰንበት ወደ ምኵራብ ይሄድ ነበር።

ደግሞም በቤት ብቻ የማይፈጸሙ ነገሮች አሉ። በቅዳሴ መካከል ዲያቆኑ ሕዝቡን እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ ይላል፤ ብቻውን የቆመ ሰው ለማን ሰላምታ ይሰጣል? ከባላንጣው ጋር በአንድ ደጅ መቆም ያለበት ሰው ሽማግሌ ልኮ ለመታረቅ ይገደዳል፤ በቤቱ የቀረ ግን ቂሙን እየመገበ ይቀመጣል። ከቅዳሴ በኋላ ባለ ተራው ዳቦና ጠላ የሚያቀርብበት ሰንበቴም ለጎረቤትና ለችግረኛ ማዕድ ነው። በወንጌላውያን ጉባኤም የታመመው የሚታወቀው በመቅረቱ ነው። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ምእመናን የትንሣኤን በዓል በቤታቸው ሆነው በቴሌቪዥን እንዲከታተሉ ሲነገራቸው፥ ድምፁ ደረሳቸው፤ የወንድም እጅ ግን አልደረሳቸውም።

«ካህኑ ወይም ሰባኪው ጉድለት አለበት» የምትሉም አላችሁ። እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ጉድለት የሌለበት ጉባኤ ከተገኘ፥ አንተና እኔ በዚያ ምን ቦታ ይኖረናል? ሐኪም ቤት በሽተኛ በዛበት ተብሎ አይዘጋም።

ስለዚህ ልጆቼ፥ ምክሬ አጭር ነው። የተዋሕዶ ልጅም ብትሆኑ የወንጌላውያን፥ በሰንበት ማልዳችሁ ሂዱ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆዩ፤ ሌላውን አታስገድዱ፥ የቀረውንም አትናቁ። ስትወጡ ግን ባለፈው ሰንበት ከአጠገባችሁ የነበረ ዛሬ የጎደለ ሰው እንዳለ ተመልከቱ፤ ካለም ወደ ቤታችሁ ከመግባታችሁ በፊት ደጁን አንኳኩ።