በሲኦል ውስጥ «እርስዎ» ማለት

ዳንቴ አሊጊዬሪ የሚባለው የጣሊያን ባለቅኔ በ1265 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በፍሎሬንስ ከተማ ተወለደ። ከተማይቱ ጉዌልፍና ጊቤሊን በሚባሉ ሁለት ወገኖች ተከፍላ ትታወክ ነበር፤ ጉዌልፎቹም ድል ካደረጉ በኋላ ነጭና ጥቁር ተባብለው እርስ በርሳቸው ተጣሉ። ዳንቴ ከነጮቹ ወገን ሆኖ በ1300 ሁለት ወር ከከተማይቱ ሹማምንት አንዱ ነበረ። ጥቁሮቹ ሥልጣን በያዙ ጊዜ ግን በ1302 ጉቦ በልቷል ብለው በሌለበት ፈረዱበት፤ ቆይተውም ቢያዝ በእሳት ይቃጠል አሉ። አገሩን ዳግመኛ ሳያይ በ1321 በራቬና ሞተ። የፍሎሬንስ ምክር ቤት ፍርዱን የሻረው በ2008 ነው።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ስለ ሲኦል ጉዞ የሚናገረውን ግጥም የጻፈው በዚህ በስደቱ ዘመን ነው። የተበደለ ሰው ብዕር ሲይዝ ጠላቱን ከእሳት ይጥላል፤ እርሱም ብዙ ሰው ጥሏል። ጉዞውን በ1300 እንደ ተደረገ አድርጎ ስለ ጻፈው፥ ያን ጊዜ በሕይወት ለነበረው ለሮማው ፓፓ ለቦኒፋስዮስ 8ኛ እንኳ ሥፍራው አስቀድሞ ተዘጋጅቶለታል። ይህ ቂም አይደለም የሚለኝ ሰው ቢኖር አልከራከረውም፤ ግን አላምነውም።

እኔን የሚያስደንቀኝ ሌላ ነው። የዚያ ዘመን ጣሊያንኛ እንደ አማርኛችን ለአክብሮት የተለየ አነጋገር ነበረው። ዳንቴ በሲኦል ያገኛቸውን አብዛኛውን ጊዜ «አንተ» ሲል፥ «እርስዎ» የሚላቸው ጥቂቶችን ብቻ ነው። አንዱ የአባቶቹ ጠላት፥ የጊቤሊኖች አለቃ ፋሪናታ ነው። በ1260 ጊቤሊኖች በሞንታፔርቲ ድል አድርገው ፍሎሬንስን እናፍርስ ሲሉ ብቻውን የተቃወመ እርሱ ነበርና፥ ዳንቴ ይህን አልረሳለትም።

ሌላው ብሩኔቶ ላቲኒ ነው፤ ዳንቴን በወጣትነቱ የመከረና ያስተማረ ሰው። እሳት በሚዘንብበት አሸዋ ላይ ያለ ዕረፍት ይሄዳል። ዳንቴ እሳቱን ፈርቶ ከድንጋዩ ግድብ ለመውረድ አልደፈረም፤ ነገር ግን ከላይ ሆኖ አንገቱን ደፍቶ እያነጋገረው አብሮት ሄደ።

ዕድሜዬን በማስተማር የጨረስሁ ነኝና ይህን በመጀመሪያ ሳነብ ተቆጣሁ፤ መምህሩን ስለ ምን በዚያ አኖረው? አልሁ። ካረጀሁ ወዲህ ግን የምወዳቸውን ተማሪዎች ወረቀት ሳርም ስሕተታቸውን ሳላሰምር ያለፍሁበትን ጊዜ አስባለሁ። ያን ጊዜ ደግነት መስሎኝ ነበር። ዳንቴ ፍርዱን አላለዘበም፥ ራሱንም ቀና አላደረገም።

ሲለያዩ ብሩኔቶ ከጓደኞቹ እንዳይቀር ሮጠ። ዳንቴም በቬሮና የሩጫ ውድድር ከሚያሸንፉት እንጂ ከሚሸነፉት እንደ አንዱ አድርጎ አልጻፈውም።