ክኒኑ ቀድሞ ደረሰ፣ እንጀራው ዘገየ

ባለፈው ስብሰባችን አንዲት አባላችን «መድኃኒቱ እንደሆነ በነጻ ይሰጣል፤ ታዲያ እኛ የምናግዘው ምኑን ነው?» ብላ ጠይቃ ነበር። በዕለቱ የመለሰላት የለም። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ጥያቄዋ ረጅም ታሪክ ያለው ሆኖ አገኘሁትና የማውቀውን እነሆ ጻፍኩ።

ኤች አይ ቪ በአገራችን መኖሩ በደም ምርመራ የታወቀው በ1976 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በ1978 ዓ.ም. ተገኙ። በመካከሉ ያለውን ዓመት ግን የእኛ አገር ሰው በሌላ ነገር ያስታውሰዋል፤ 77 ሲባል ድርቁ ነው። ጋይንትና ስማዳ ዳገቱ በጎርፍ የታጠበ፣ የአባት ማሳ ለልጆች ሲከፋፈል መዳፍ የምታህል መሬት የሚቀርበት አገር ነው። ከጉና ሥር ገብስና ድንች፣ ወደ በሽሎ ወረድ ሲሉ ማሽላና ጤፍ ይበቅላል፤ ዝናቡ ከቀረ ግን ደጋውም ቆላውም እኩል ባዶ ነው። ስለዚህ ወንዱ በክረምት ለአረም፣ መስቀል ሲጠባ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል። በሶውን ቋጥሮ ይሄዳል፣ ብር ቋጥሮ ይመለሳል። ከብሩ ጋር ወባ ይዞ የመጣ አለ፤ ቫይረሱን ይዞ የመጣም አለ። ወንዶቹን ለመውቀስ አይደለም፤ ያወረዳቸው ረሃብ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ በሽታው በተራው ረሃቡን ይጠራል። ታሞ የተኛ ገበሬ ማሳውን ለእኩል ይሰጣል፤ ከምርቱ ግማሹ ሄደ ማለት ነው። በሬው ለሕክምና ይሸጣል። ልጅቱ ከትምህርት ቀርታ አስታማሚ ትሆናለች።

በዚያን ጊዜ እድር ለሞተ እንጂ በሕይወት ላለ ሰው አያወጣም ነበር። ንፍሮውም ድንኳኑም የሚመጣው ሰውየው ካለፈ በኋላ ነው። በ1990ዎቹ በብዙ ከተሞች ያሉ እድሮች ደንባቸውን እያሻሻሉ የታመመ አባል ሳይሞት መርዳት ጀመሩ። ይህን ታሪክ ጋዜጣም ሬዲዮም እንደ ትንሽ ነገር አልፎታል፤ ለእኔ ግን ከትልልቆቹ አንዱ ነው።

ወደ 1997 ዓ.ም. ልምጣ። ጸረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ቀደም ሲል ገንዘብ ላለው ብቻ ነበር፤ በጥር 1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ጀመረ፣ ትንሽ ቆይቶም ወደ ጤና ጣቢያዎች ወረደ። በዚያው ዓመት ሴፍቲኔት ተጀመረ፤ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳም ታቀፉበት። ክኒኑና እህሉ በአንድ ዓመት መጡ ማለት ነው። ነገር ግን አንዱ በጤና በኩል፣ ሌላው በግብርና በኩል ስለመጣ ሁለቱ መንገድ ላይ ሳይተያዩ ተላለፉ።

ክኒኑ እህል ይፈልጋል። የዓለም የጤና ድርጅት በ1995 ዓ.ም. የሰበሰባቸው ባለሙያዎች እንዳስቀመጡት፣ ቫይረሱ በደሙ ያለ ሰው ምንም ሕመም ባይሰማውም ከሌላው ሰው 10 በመቶ ተጨማሪ ኃይል ሰጪ ምግብ ያስፈልገዋል። ሕመም ሲጀምረው ከ20 እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። ክብደቷ ለሚቀንስ ሕፃን ደግሞ ከ50 እስከ 100 በመቶ ነው። መድኃኒት የጀመረ ሰው ሰውነቱ ማገገም ሲጀምር በመጀመሪያ የሚናገረው «ራበኝ» ነው። ደስ ሊያሰኝ የሚገባው ቃል በስንቱ ቤት ሐዘን ሆነ!

ሴፍቲኔት ለአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ እህል ወይም 6 ብር ይከፍል ነበር፤ በወር ለአንድ ሰው 5 ቀን። ሥራው እርከን መሥራት፣ ኩሬ መቆፈር፣ ድንጋይ መሸከም ነው። አቅምም ረዳትም ለሌለው ያለ ሥራ የሚሰጥ «ቀጥታ ድጋፍ» አለ። አቅም እንደሌለው የሚወስነው ግን የቀበሌው ኮሚቴ ነው፤ ኮሚቴው ደግሞ ጎረቤት ነው። አንዲት የማውቃት ሴት ሁለት ዓመት ሙሉ ድንጋይ ተሸከመች። መልኳ ደህና ስለነበር «ምን ሆነሽ ነው?» ቢሏት ከመመለስ ድንጋዩን መረጠች። እህሉን ያለ ሥራ ለማግኘት የደሟን ነገር በአደባባይ መናገር ነበረባት። ደንቡን የጻፈው ሰው ይህን ያሰበው አይመስለኝም።

በኋላ ለከሳ ሕመምተኛ ምግቡ ራሱ እንደ መድኃኒት በጤና ተቋም ይታዘዝ ጀመር። ፕላምፒናትን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከለውዝ፣ ከወተት፣ ከዘይትና ከስኳር የሚሠራ፣ አንዱ ከረጢት 92 ግራም ሆኖ 500 ካሎሪ የሚሰጥ። በአገር ውስጥም ይመረታል። ጥሩ ነገር ነው። ግን የትኛዋ እናት ናት ልጆቿ እያዩ ያንን ጣፋጭ ብቻዋን የምትልስ? ለአንድ ሰው የታዘዘው ለአራት ይካፈላል፤ ነርሷም ክብደቱ ለምን አልጨመረም ብላ ትቆጣለች። እኔ በማካፈሏ አልፈርድባትም። የሚበላ ሌላ ነገር ቤት ውስጥ ቢኖር ኖሮ ልጆቹ ከረጢቱን አያዩትም ነበር።

የእኛ ዓይነት ማኅበር ሥራ እዚህ ላይ ነው። ጓሮ ያለ ጎመን፣ ሁለት ሦስት ዶሮ፣ ከተጠራቀመው ቁጠባ ለበግ መግዣ የሚሆን ብድር፤ እነዚህ ማንም ሳያዝዝላቸው የሚበሉ ናቸው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ገብቶ ሆስፒታሉ ሲዘረፍ፣ ጎተራ ያለ እህልም አልተረፈም ነበር። አንዲት እህታችን ጓሮዋ ውስጥ ገና ያልተቆፈረ ድንች ነበራትና እሱን እየቆፈረች ከልጆቿ ጋር እንደከረመች ነግራኛለች። ከዚያ ወዲህ የድንች ዘር ብድር ሲጠየቅ እጄን ለማውጣት አላመነታም። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ እርዳታ ድንገት ሲቆምም በክሊኒኮች የሚሠሩ ብዙ ባለሙያዎች ከሥራ ተሰናበቱ፤ ከውጭ የሚመጣው ሁሉ ሊቀር እንደሚችል ያን ጊዜ አየን።

የጠየቀችኝን እህት የምመልስላት እንግዲህ በዚህ ነው። አንድ ነገር ግን ይቀረኛል። የእኛም መተዳደሪያ ደንብ ለሕመም የሚሰጠውን እርዳታ የምትጠይቅ አባል «የሕመሟን ዓይነት ለኮሚቴው ታስረዳለች» ይላል። ስንጽፈው እኔም ነበርኩበት፤ እጄን አውጥቼም ደግፌያለሁ። ድንጋይ የተሸከመችውን ሴት ያኔ አላውቃትም ነበር። በሚቀጥለው ስብሰባ ያ ሐረግ እንዲሰረዝና «ታምሜአለሁ» ማለቷ ብቻ እንዲበቃ ሐሳብ አቀርባለሁ። ገንዘብ ያዣችን ማጭበርበር ይመጣል ብላ እንደምትቃወም ከወዲሁ ነግራኛለች፤ መጥታችሁ ሁለታችንንም ስሙን።