የብርብራ ሂሳብ

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየማችንን ባከበርንበት በ2000 ዓ.ም. ነው። የነዳጅ ዋጋ ሽቅብ ይጋልባል፤ ሐምሌ ሲገባ አንዱ በርሜል ድፍድፍ 147 ዶላር ነካ። ናፍጣዋን በውጭ ምንዛሪ ገዝታ ከጅቡቲ ለምታስጭን አገር ይህ ቀላል ዕዳ አልነበረም። ማዕድንና ኢነርጂ ሚኒስቴርም አስቀድሞ የባዮፊውል ስትራቴጂ አውጥቶ ነበር፤ ሰው የማይበላውን ዘር ሞተር ይብላው ተባለ።

ምጣድ ስናሰስበት የኖርነው ጉሎ ያኔ ከባሕር ማዶ ባለሀብት ጠራ። የጀርመኑ ፍሎራ ኢኮፓወር ሐረርጌ ፈዲስ ላይ መሬት ወሰደ፤ የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ ተነካ ተብሎም ጭቅጭቅ ተነሣበት። የእስራኤሉ ግሎባል ኢነርጂ ወላይታ ወርዶ ከገበሬው ጋር የጉሎ ውል ገባ። ጃትሮፋ የሚባለውን ባለ ዘይት ተክል የተከሉም ነበሩ፤ በጠፍ መሬት ይበቅላል ተብሎላቸዋል። መብቀሉንስ ይበቅላል፤ ዝናብና ማዳበሪያ ካጣ ግን ፍሬው ይሳሳል። ታኅሣሥ 2001 ሲደርስ ደግሞ ድፍድፉ ከ40 ዶላር በታች ወረደ። በ147 ዶላር ያማረ ሂሳብ በ40 ምኑ ያምራል?

በዚያው በ2001 ግን አዲስ አበባ ውስጥ ቤንዚን 5 በመቶ ኤታኖል እየተቀላቀለበት ይቀዳ ጀመር። ኤታኖሉ የወጣው ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ ነው። አያችሁ፣ ሸንኮራው የተተከለው ለስኳር ነው፤ የመሬቱንም የጉልበቱንም ወጪ ስኳሩ ችሎታል። ሞላሰሱ ትራፊ ነው። ጉሎው ግን ወጪውን ሁሉ ብቻውን ተሸክሞ ነበር።

ይህን ይዘን ወደ ጌዴኦ እንውረድ። ከዲላ ወደ ደቡብ፣ ይርጋጨፌን አልፎ ገደብ ወረዳ ውስጥ ወርቃ አለች፤ ቡናዋ ስሟን ባሕር አሻግሮላታል። እዚያ ቡናና እንሰት ከዛፍ ጥላ ሥር አብረው ያድራሉ። ዩኔስኮም ይህን የጌዴኦን መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከጥላ ዛፎቹ አንዱ ብርብራ ነው፤ በተፈጥሮው የኢትዮጵያ ብቻ የሆነ ዛፍ። ቅጠሉ ረግፎ አፈር ያለማል፤ ሥሩ ናይትሮጅን ይሰጣል። ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ሲገባ ዓሣ ያሰክራል፤ ሰው አይበላውም። ዘይት ግን አለው፤ ተመራማሪዎችም ከዘይቱ ባዮዲዝል ሠርተዋል።

እስቲ አንድ ነጋዴ ወርቃ ደርሶ አንድ ሽማግሌ አገኘ እንበል።

«አባቴ፣ የብርብራውን ፍሬ በኪሎ 10 ብር ልግዛዎት።»

«ስንቱ ኪሎ ስንት ዘይት ይወጣዋል ልጄ?»

«ለእንዲህ ያለ ዘር 4 ኪሎ ለ1 ሊትር ብለን ነው የምናስበው።»

«እንግዲያ ሊትሩ ገና ሳይጨመቅ 40 ብር በላ። ከዚያስ?»

«መጭመቂያ አለ። ከዚያ ባዮዲዝል እንዲሆን ለ100 ሊትር ዘይት 20 ሊትር ያህል ሜታኖል ይገባል፤ እሱም በዶላር ነው የሚገዛው። ማጓጓዣም አለ።»

«ፋጉሎውንስ ለከብት ትሸጠዋለህ?»

ነጋዴው አንገቱን ደፋ። የኑግ ዘይት ጨማቂ ፋጉሎውን ሸጦ ወጪውን ያካክሳል፤ የብርብራ ፋጉሎ ግን መርዝ ነው፤ ቢበዛ ለማዳበሪያ ይሆን እንደሁ እንጂ።

«እንግዲህ ስማኝ ልጄ» አሉ ሽማግሌው፤ «ፍሬውን የሚለቅመው ቡና የሚለቅመው እጅ ነው። ቡና ሲደርስ የሚሻለውን ያውቃል። ቡና ነቅለህ ብርብራ ትከል ካልከኝ በደህና ግባ። የረገፈውን ሥራ ሲፈታ ልቀም ካልከኝ ግን እንነጋገር፤ ዛፉ እንደሆነ ዋጋውን በጥላው ከፍሎኛል።»

ፍርዱ ይኸው ነው ወገኖቼ። ትራፊ ፍሬ ትራፊ ያህል ነው የሚያወጣው፤ ከተማ የሚያጠግብ ማደያ አይወጣውም። እዚያው ወረዳ ተጨምቆ፣ በናፍጣ የሚሠራውን የእሸት ቡና መፈልፈያ ሞተር ወጪ ቢቀንስ ግን የጭነት መኪና ኪራይ ሳይበላው ለባለቤቱ ይተርፋል። ስለዚህ ነገ የነዳጅ ዋጋ ሲጋልብ ሌላ ባለ ዘር ይመጣልና፣ ስለ ዘይቱ ብዛት ማውራት ሲጀምር አቋርጡት፤ የዛፉን ወጪ ማን እንደሚችለው አስቀድሞ ይንገራችሁ።